ፊያት ወይስ ግላዲያተር? ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ስልክ ሊያሠራ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ዓይኑ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው መደርደሪያ ላይ ያርፋል። እዚያ ከፕላስቲክ ቁራጮች የገጣጠምኩት፣ ስንዝር የማይሞላ ባለ ድርብ ክንፍ የጦር አውሮፕላን ሞዴል ቆሟል። የጣሊያን ፊያት ሲ አር 42 ነው፤ ክንፉ ላይ ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አለበት። «ይሄ ደግሞ መቼ ነው የኛ የነበረው?» ይሉኛል። አልነበረም። እኔ ነኝ የኛ ያደረግሁት። ከዚያ ጥያቄው ይቀጥላል፦ ስንት ነው? የት ይገኛል? እኔስ የእንግሊዙን አውሮፕላን፣ ግላዲያተሩን ልግዛ ወይስ ይሄንን? መልሱን በቀን ሦስቴ ከምደግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ፊያቱን ግዙ። የቀረው ለምን እንደሆነ ነው።

እነዚህን ሁለቱን የማነጻጽረው ሁለቱም ከከተማችን ሰማይ ጋር ስለሚያያዙ ነው። ጎንደር ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የያዘው የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፤ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 14፣ ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ የሚባል ጣሊያናዊ አብራሪ በፊያት ሲ አር 42 ተነሥቶ ከደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲያተር ጋር ተገናኘ። ተመትቶ ወደቀ፣ ሞተ። በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ የመጨረሻው የአየር ላይ ፍልሚያ እሱ ነበር። የገደሉት ሰዎች በኋላ ጀግንነቱን የሚያወድስ ወረቀት ከአየር ጣሉለት። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሁለቱንም ሳልሠራ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የኔ ፈጠራ እንዲህ ነው። ጎንደር ነጻ ስትወጣ አዘዞ ሜዳ ላይ አንድ ፊያት ሳይቃጠል ተገኘ እንበል። አርበኞቹ ማረኩት። ባገኙት ቀለም የጣሊያንን ምልክት ደፈኑና የራሳችንን ቀቡበት። በቃ ይኸው ነው።

ብዙ ጓደኞቼ የሚፈልጉት ሌላ ነው፤ «ማይጨው ላይ ግላዲያተር ቢኖረን ኖሮ» ይላሉ። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር፤ ሆድ ያባባል። ግን ቀኑ አይገጥምም። ማይጨው በ1928 ነው። ግላዲያተር የእንግሊዝ አየር ኃይል ራሱ እጅ የገባው በ1929 ነው። ስለዚህ የጦር መሣሪያ ማዕቀቡን ማንሳት ብቻ አይበቃችሁም፤ ፋብሪካውንም ማጣደፍ ሊኖርባችሁ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ አንድ ውሸት ይችላል። ሁለት ሲሆን ተረት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው።

እኔ እስከማውቀው ጎንደር ውስጥ ሞዴል የሚሸጥ ሱቅ የለም። ቅዳሜ ገበያ የምታዩት አሻንጉሊት ነው። ስለዚህ ወይ አዲስ አበባ ሻጭ ትፈልጋላችሁ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ትጠብቃላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ጀመርኩና ተበላሁ። አንድ ሻጭ ግላዲያተር በ1,400 ብር አለኝ፣ 150 ብር ለመላኪያ ጨመርኩ። የስልክ ስክሪን ኮፒ ይሁን ኦርጅናል በጣቴ ዳብሼ የምለይ ሰውዬ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቼ ዝም ብዬ ከፈልኩ!

ሲከፈት ፕላስቲኩ ቅባት ቅባት ይላል። የየቁራጩ ጠርዝ እንደ ተቃጠለ የእንጀራ ዳር ትርፍ ቅርፊት አንጠልጥሏል። የላይኛው ክንፍ ተጣሟል። ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚለጠፈው ምልክት ገና ሲነከር እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ክንፉን ላቃናው ብዬ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከተትኩት፤ ለብ ያለ መሆን ሲገባው የፈላ ነበር። የባሰ ተጠማዘዘና ንፋስ የገለበጠው ቆርቆሮ መሰለ። 1,550 ብር ውኃ በላው።

ከዚያ ወዲህ የማስመጣው በአክስቴ ልጅ በኩል ብቻ ነው። በየዓመቱ ለጥምቀት ትመጣለች። «ሰው ለልጆቹ ጫማ ያስመጣል፣ አንተ ፕላስቲክ ታሸክመኛለህ!» ትለኛለች። «እታለም፣ ጫማውማ እዚህም አለ» እላታለሁ። ኦርጅናሉን የኤርፊክስ ኩባንያ ግላዲያተር በዕለቱ ምንዛሪ ስናሰላው 2,300 ብር መጣ። የኢታለሪ ኩባንያው ፊያት 2,900። ሁለቱም 1/72 ናቸው፤ ማለትም ርዝመታቸው የእውነተኛው አውሮፕላን 72ኛ እጅ ነው። 1/48ን ተዉት፤ ትልቅ ነው፣ ውድ ነው፣ ሻንጣም ይበላል። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ እንዴት እንደሚዋዥቅ ታውቃላችሁ፤ የኔን ዋጋ ይዛችሁ ማንንም እንዳትጣሉ። ሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ እዩ። 600 ብር ነው። ሁሉም ሰው ግላዲያተሩን የሚመርጠው በዚህች 600 ብር ነው።

ያቺ 600 ብር ግን የትም አትሄድም፣ ሥራው ላይ ትጠብቃችኋለች። መጀመሪያ ሽቦው። የግላዲያተር ሁለት ክንፎች በሽቦ የተወጠሩ ናቸው። ሽቦ የሌለው ግላዲያተር ጅማት የሌለው ክራር ነው፤ መሥራቱ ግዴታ ነው። እኔ ከሹሩባ ቤት የዊግ ፀጉር ለምኜ፣ በሞባይል ማጉያ እያየሁ፣ በትዊዘር እየያዝኩ ሃያ ምናምን ክር ወጠርኩ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀብኝ። አሥራ አምስተኛው ላይ ስደርስ ሦስተኛው ይላላል። ፊያቱ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ክንፎቹን የሚያያይዙት እንደ ድልድይ ብረት ዚግዛግ የገቡ ጠንካራ ደጋፊዎች ናቸው፤ እውነተኛው አውሮፕላንም እንደዚያው ስለሆነ መሃል ላይ የሽቦ መዓት የለበትም። ደጋፊዎቹን ታስገባላችሁ፣ የላይኛውን ክንፍ ትጭናላችሁ፣ እስኪደርቅ በሁለት የሻይ ብርጭቆ መሃል ታቆሙታላችሁ። አለቀ።

ሁለተኛው መስታወቱ ነው። ግላዲያተር የአብራሪው መቀመጫ የተሸፈነ ነው። እኔ ሽፋኑን በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት። ጠዋት ሳየው ክረምት ላይ ወገራ የወጣሁ መሰለኝ፤ ጉም ብቻ! የሱፐር ግሉ ትነት ጥርት ያለ ፕላስቲክን ያነጣል። ለመስታወት የስልክ ስክሪን የምንለጥፍበትን ቢ-7000 ተጠቀሙ፤ እኔ እጄ ላይ እያለ ረስቼው ነው። ፊያቱ ደግሞ ክፍት ነው። ፊት ለፊት ትንሽዬ የንፋስ መከላከያ ብቻ አለችው፤ ብትበላሽ እንኳ ከውኃ ኮዳ ላይ ቆርጣችሁ ትተካላችሁ።

ቀለሙ ላይ ነው ዋናው። ግላዲያተሩን ብርማ ላደርገው ብዬ የመኪና ቀለም ስፕሬይ በ480 ብር ገዛሁ። ክንፉ ዓይኔ እያየ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ። ውስጡ ያለው ቲነር ፕላስቲኩን ይበላዋል። የሚገርመው ይኸው ቲነር ለማጣበቂያ ደህና ነው፤ ሁለቱን ቁራጭ አጋጥማችሁ በቀጭን ብሩሽ መገጣጠሚያው ላይ ጠብ ስታደርጉት ፕላስቲኩን አቅልጦ ያዋህደዋል። የ80 ብር ቲነር ዓመት ይበቃል። መስኮት ክፈቱ፣ ምድጃ አጠገብ አትሥሩ። ቀለምና ማጣበቂያ ከውጭ አምጪልኝ እያላችሁ ሰው አታስቸግሩ፤ የሚቀጣጠል ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ለቀለም የሥዕል ተማሪዎች የሚገዙት በውኃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ በቂ ነው፤ አንዱ ቱቦ 120 ብር ነው፤ እኔ ለፊያቱ አምስት ገዛሁ።

ብርማ ቀለም ደግሞ ምሕረት የለውም። የጣት አሻራ፣ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት፣ ያልሞላ ስቱኮ፣ ሁሉንም ያሳብቅባችኋል። የፊያቱ መልክ ሌላ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት አሸዋማ መደብ ላይ አረንጓዴ ጠቃጠቆ ነበራቸው፤ ያንን በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ከዚያ የምርኮው ታሪክ ይረዳችኋል። የክንፉን የፋሽስት ምልክትና የጅራቱን ነጭ መስቀል በጥቁር አረንጓዴ ዝም ብላችሁ ድፈኑት፤ የብሩሹ ዱካ ይታይ። ተጣድፎ የቀባ አርበኛ መሆናችሁን አትርሱ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ታሪኩ ራሱ ይሸፍንላችኋል። ለክቡ ምልክት የእስክሪብቶ ክዳን ቀለም ውስጥ ነክሬ አተምኩ፤ መጀመሪያ አረንጓዴውን ሙሉ፣ ሲደርቅ በላዩ ቢጫውን አነስ ባለ ክዳን፣ መሃሉን ቀይ በክብሪት እንጨት ጫፍ። አንዱ ትንሽ ዘመም ብሏል። አልነካሁትም።

ጅራቱ ላይ ያለውን አንበሳ የሠራልኝ ሥዕል የሚማር ልጅ ነው፣ በ150 ብር። አንበሳው ድመት ድመት ይላል፤ እሱም «ጋሼ፣ በጥፍር ላይ አንበሳ ሥራ ብለውኝ ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው።

ሒሳቡን ለሚወዱ፦ ግላዲያተሩ ኮፒውንና ስፕሬዩን ጨምሮ 4,330 ብር በልቶ፣ ክንፉ የተጨማደደ፣ መስታወቱ የነጣ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ፊያቱ ከነአንበሳው፣ ከነቀለሙ፣ ከነቲነሩ 3,730። «ኮፒው የራስህ ስህተት ነው፣ ከሒሳብ አውጣው» ያለኝ አለ። ላውጣው፤ ስፕሬዩንም ላውጣው፤ ከፊያቱም ቀለሙን፣ ቲነሩንና አንበሳውን ላውጣ። ያኔ ግላዲያተሩ በ600 ብር ይረክሳል። የሃያ ምናምኑን ክር ሥራ በ600 ብር የሚሠራልኝ ሰው ካለ ፒያሳ ሱቄ ድረስ ይምጣ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለውን በነጻ እሰጠዋለሁ።

ግላዲያተር የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ፈጠራውን ትቶ ጥቅምት 14 የበረረውን እውነተኛውን የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላን መሥራት ለሚፈልግ። ያ ሌላ ጨዋታ ነው፣ ትዕግሥቱን ይስጠው።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮም ለጥምቀት ትመጣለች። ሻንጣዋ ውስጥ የሁለት ካርቶን ቦታ ብቻ አለ ብላኛለች። የምትፈልጉ እስከ ኅዳር መጨረሻ ንገሩኝ፣ ግማሹን ቅድሚያ ክፈሉ። ሁለቱንም ፊያት አድርጊው ብያታለሁ።