ደብረ ብርሃን ሆናችሁ ድስት ልትገዙ ነው? አሉሚኒየም፣ ስቴንለስ ወይስ ሸክላ

እዚ አገር ድስት ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ከፍታውን አስቡ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ 95 ይደርሳል፣ ለዛ ነው የደጋ ባቄላ ሲንተከተክ ውሎ አልበስል የሚለው፣ እሳቱን ብታነዱትም ውሃው ከዛ በላይ አይሞቅም ኩበቱ ነው የሚያልቀው።

ስለዚ ጥራጥሬ የሚበዛበት ቤት ያለ ክርክር ፕሬዠር፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋውን ድስት፣ ይግዛ። እንፋሎቱ ስለሚታፈን ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ያልፋል፣ ሰአቱም ማገዶውም በጣም ይቀንሳል። ብቻ የክዳኑ ጎማ ለብቻው ገበያ ላይ የሚገኝ መሆኑን ሳትጠይቁ እንዳትገዙ።

ለወጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ ስቴንለስን ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፣ ስስ ስቴንለስ ላይ ሽንኩርት ስታቁላሉ መሃሉ እያረረ ዳር ዳሩ ጥሬ የሚሆነው ለዚ ነው። ስቴንለስ ከወደዳችሁ ገልብጡትና ቂጡን እዩት፣ ከስር ሌላ ወፍራም ክብ የተለጠፈበት ከሆነ ጠርዙ በጥፍር ይታወቃል፣ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ሙቀቱን እኩል ይበትነዋል። 18/10 የሚል ካለበት 18 ከመቶ ክሮሚየም 10 ከመቶ ኒኬል ማለት ነው፣ እንዳይዝግ የሚያደርገው በዋናነት ክሮሚየሙ ነው። ዋጋው ቢከብድም እኔ ለቤተሰብ የምመርጠው እሱን ነው።

አሉሚኒየሙ ራሱ አንድ አይደለም። በፋብሪካ ከቆርቆሮው ተጨፍልቆ የሚወጣው ቀላል ነው፣ ቶሎ ይጎደጉዳል ግን ለውሃ ለፓስታ ይበቃል። ቀልጦ አሸዋ ቅርፅ ውስጥ የሚፈሰው ደሞ ወፍራም ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ ቁሌት ላይ እንደሱ የለም፣ ችግሩ ከምን እንደቀለጠ አይታወቅም፣ የሞተር ቁርጥራጭ ምናምን ሲገባበት ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) አብሮ ሊገባ ይችላል፣ ሊድ ደሞ የህፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ በማጠብም አይወጣም። ልጆች ያሉበት ቤት ይቅርባችሁ ነው የምለው! በየትኛውም አሉሚኒየም ቲማቲም የበዛበት ወጥ አታሳድሩ፣ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል።

ሸክላ ለሽሮ ነው፣ ከእሳት ወርዶም ይንተከተካል። ስትገዙ በጣት አንኳኩት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ አለው፣ ሳታሟሹት አትጣዱት፣ እንደጋለም ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት።