ልጄ ሳብር የምትማርበት የቡዳፔስት ክለብ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ቡዳፔስት ውስጥ አንድ የቆየ የፌንሲንግ (የጎራዴ ግጥሚያ ስፖርት) ክለብ ገብታ ሳብር ትማራለች። ሳብር የኛን ጎራዴ የሚመስለው ነው፤ በጫፉ ብቻ ሳይሆን በስለቱም መምታት ነጥብ ያስገኛል። እዚህ ከተማ ላላችሁ ወላጆች ያየሁትን ልንገራችሁ።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ጎራዴ አላስያዟትም። እግር ብቻ! ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ፊት። እኔ እንኳ ሰልችቶኝ ነበር። አሰልጣኙ ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ «ባቺ» ይሏቸዋል፣ ጋሼ እንደማለት ነው። አንድ ቀን የ100 ፎሪንት ሳንቲም ከፊት እግሯ ተረከዝ ሥር አስቀመጡላት። ለመምታት ስትወረወር ሳንቲሙ ወደ ፊት መፈናጠር አለበት። ካልተፈናጠረ የእግር ጣቶቿን ቀድማ አላነሳችም ማለት ነው። ደጋግማ ሞከረች፤ ሳንቲሙ ንቅንቅ አላለም። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ሽው ብሎ ሄዶ ግድግዳውን መታ። ባቺ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሱትና መልሰው ከተረከዟ ሥር አስገቡት። «እንደገና» አሏት። የዚያን ቀን ልቤ ረጋ።

ኮሪደሩ ላይ የድሮ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ልጄን ስጠብቅ እነሱን ሳይ እውላለሁ። ሃንጋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1964 በተካፈሉበት ኦሊምፒክ ሁሉ የወንዶችን የግል ሳብር ወርቅ ወስደዋል። አላዳር ጌሬቪች ከ1932 እስከ 1960 በስድስት ኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቷል። መሃል ላይ ሁለቱ በጦርነት ምክንያት ባይሰረዙ ስንት ይሆን ነበር? የመጨረሻውን ሮም ላይ ሲያገኝ 50 ዓመቱ ነበር።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የኤንድሬ ካቦሽ ታሪክ ነው። በ1936 የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነ። አይሁድ ስለነበር በጦርነቱ ጊዜ ለግዳጅ ሥራ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1944፣ 38 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ የማርጊት ድልድይ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ሞተ። እኛ ወደ ልምምድ ስንሄድ ትራሙ የሚያልፈው በዚያው ድልድይ ነው። ለልጄ ከነገርኳት ወዲህ እዚያ ስንደርስ ዝም ትላለች።

የልጆቹ ጀግና ግን አሮን ሲላጊ ነው፤ የቫሻሽ ክለብ ልጅ። ለንደን፣ ሪዮ፣ ቶኪዮ፣ ሦስቱንም በተከታታይ በግል ሳብር አሸነፈ። ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ ወንድ የለም። አጥቅቶ ነጥብ ሲያገባ የሚጮኸውን ጩኸት ሁሉም ያስመስሉታል።

ጭምብሉንና ጃኬቱን ክለቡ ያውሳል፤ እኛ የገዛነው ጓንት ብቻ ነው። ጭምብሉ የሌላ ልጅ ላብ ይሸታል፣ ያንን ቻሉት። መልበሻ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ክረምት ላይ ይበርዳል። መልእክት የሚልኩት በሃንጋሪኛ ብቻ ነው። አንዴ ሰዓት ተቀይሮ ሳንሰማ ሄደን በር ተዘግቶብን ተመልሰናል። ይህን ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ እርስ በርስ ተጋጠሙ። የኔዋ 5 ለ 2 ተሸነፈች። ጭምብሏን አወለቀች፣ በጎራዴዋ ሰላምታ ሰጠች፣ በባዶ እጇ ያሸነፈቻትን ልጅ ጨበጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ትራሙ ላይ እስክንወጣ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ።

«አባዬ፣ መቶ ፎሪንት አለህ? ቤት ልለማመድበት።»