የመጥመቂያው ድስት ይገባበት በነበረ በር፦ በአይንቤክ አንድ የድሮ ጠማቂ ቤት ውስጥ ምሳ

አይንቤክ በታችኛው ሳክሶኒ፣ በጎቲንገንና በሃኖቨር መካከል የምትገኝ ትንሽ የጀርመን ከተማ ናት። ይህ ምግብ ቤት ያለው በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ በኦክ ግንድና በጭቃ በተሠራ የጠማቂ ቤት ምድር ቤት ላይ ነው። ፍርዱን በቅድሚያ፦ በጥቁር ቦክ (የአይንቤክ ጠንካራ ቢራ) የተሠራው የበሬ ሥጋ ጥሩ ነው፣ የተጠበሰው ድንች ከዚያም ይበልጣል፣ አትክልቱ ደካማ ነው። ቤቱ ራሱ ግን ከሁሉም በፊት መታየት አለበት፤ ምን መጠጣትና የት መቀመጥ እንደሚሻል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት መንገዱን ተሻገሩና ፊት ለፊቱ ቁሙ። በሩ ለመኖሪያ ቤት የማይጠበቅ ስፋትና ከፍታ አለው፤ አናቱ ቅስት ነው። የሀብት ማሳያ ቢመስልም ምክንያቱ ሌላ ነው። በአይንቤክ የመጥመቂያው ድስት የከተማው ነበር። የመጥመቅ መብት ያለው ነዋሪ ተራው ሲደርስ ድስቱ ከቤት ቤት እየተጓጓዘ ይመጣለታል፤ ከተማው የቀጠረው ዋና ጠማቂም አብሮ ይመጣል። በሩ የተሠራው ድስቱ እንዲያልፍበት ነው። ጥራቱም የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነበር፤ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ብቅል ቢጠምቅም እጁ የአንድ ባለሙያ ነው።

ከዚያ ቀና በሉ። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተደረደሩት ትንንሽ መስኮቶች ለብርሃን የተከፈቱ አይደሉም። ብቅሉና ሆፑ (የቢራ ማምረሪያው ተክል) የሚቀመጠው ጣሪያው ሥር ስለነበር አየር እንዲዘዋወርበት ነው። እርጥበት የገባው ብቅል ምን እንደሚሆን ጠላ የጠመቀ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1540 በእሳት ወድማለች፤ ዛሬ በግንዶቹ ላይ ተቀርጸው የምታነቧቸው ዓመታት አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ ያሉት ለዚህ ነው። በመስኮቶቹ ሥር የተጠረበው፣ ግማሽ ፀሐይ የሚመስለው ጌጥ የዚያው የ16ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢው አናጢዎች ሥራ ነው።

የመመገቢያው ክፍል ያኔ ድስቱ ይገባበት የነበረው አዳራሽ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ድንጋይ፣ በሩም ሰፊ ስለሆነ በክረምት ከመግቢያው አጠገብ ያሉት ሦስት ጠረጴዛዎች ብርድ ያገኛቸዋል። ቦታ ስትይዙ ወደ ውስጥ፣ ከደረጃው ጀርባ ብላችሁ ጠይቁ። ላይኛው ፎቅ ይሞቃል፤ ነገር ግን የበሩ ጉበን ዝቅተኛ ነው፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ይበል። ወለሉም ወደ መንገዱ ዘንበል ብሏል፤ ሾርባ ሳህኑ ውስጥ አግድሞ ሲቆም ታያላችሁ። ይህ የመፍረስ ምልክት አይደለም። ኦክ የሚጠረበውና የሚገጠመው ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። መጋጠሚያዎቹ በእንጨት ችንካር ስለተያዙ ቤቱ ሳይሰነጠቅ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ወደ መጠጡ እንምጣ። እዚህ ቤት መጥቶ ተራ ቢራ ማዘዝ ያሳዝናል። ሆፕ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላ እንደሚሆነው ነው፤ መራራ ያደርገዋል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቃል። የአይንቤክ ጠማቂዎች ቢራቸው በጋሪ ሩቅ አገር እንዲደርስ ጠንካራና ሆፕ የበዛበት አድርገው ይጠምቁት ነበር። ስለ ሽያጩ የሚናገረው ጥንታዊ ደረሰኝ የ1378 ነው። በ1521 የሃይማኖት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር በቮርምስ ከተማ በጉባኤ ፊት በቆመ ጊዜ የብራውንሽቫይግ መስፍን አንድ ማሰሮ የአይንቤክ ቢራ እንደላከለት ይተረካል። በ1614 ደግሞ የባቫሪያ መስፍን ኤልያስ ፒክለር የተባለውን ጠማቂ ከአይንቤክ ወደ ሙኒክ አስመጣው። ባቫሪያውያን የከተማዋን ስም በራሳቸው አነጋገር ሲጠሩት «ቦክ» ቀረ፤ ቦክ በጀርመንኛ አውራ ፍየል ስለሆነ በብዙ ጠርሙሶች ላይ ፍየል የተሳለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ዛሬ ኡር-ቦክ የሚባለው የአይንቤክ ቦክ በፈዛዛውም በጥቁሩም 6.5 በመቶ አልኮል አለው፤ ከተራው ቢራ በግልጽ ይከብዳል፣ ለሚነዳ ሰው አይሆንም። ከምግቡ ጋር ጥቁሩን ምረጡ። ጉድለቱ፣ እዚህ ቤት ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በበረዶ ብርጭቆ መምጣቱ ነው። ቦክ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሲሆን የብቅሉ ሽታ ይወጣል፤ ከዚያ በታች ምሬቱና አልኮሉ ብቻ ይቀራል። ብርጭቆውን አሥር ደቂቃ አቆዩት።

የበሬው ሥጋ በሹካ የሚበተን ነው፣ መረቁም ወፍራም። በቢራ የሚሠራ መረቅ አንድ ወጥመድ አለው፦ ሆፕ ያለበት ቢራ ብዙ ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ ምሬቱ ግን ይከማቻል። ወጥ ቤቱ ይህን ያውቃል። ሽንኩርቱን በቀስታ እስኪቀላ አቁላልቶ፣ ሥጋውን በአጥንት መረቅ ቀቅሎ፣ ቢራውን ወደ መጨረሻው ላይ ያክለዋል፤ ስለዚህ የሚቀረው የብቅሉ ጣፋጭነት ነው።

ድንቹ ግን የቤቱ ክብር ነው። የማይፈርስ ዓይነት ድንች ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ያድራል፣ በማግስቱ ተልጦ ይቆራረጣል። ማደሩ ስታርቹን ያጠነክረዋል፤ ትኩሱን የጠበሰ ሰው ገንፎ ያገኛል። ከዚያ በሰፊ መጥበሻ ላይ ሳይደራረብ ይዘረጋል፤ ቢደራረብ በእንፋሎት ይበስላል እንጂ አይቀላም። ሽንኩርት የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድሞ ከገባ ያርና ይመራል። እዚህ ጠርዙ ሁሉ ተሰባሪ ሆኖ ቀረበ።

አሳማ ለማይበላ ሰው ማሳሰቢያ፦ ይህ ድንች በልማድ ከሽፔክ ጋር ነው የሚጠበሰው፤ ሽፔክ የአሳማ ጮማ ነው። ምናሌው ላይ ሳይጻፍም ሊኖር ይችላል። «ኦነ ሽፔክ» (ያለ ሽፔክ) ብላችሁ እዘዙ፣ በምን ዘይት እንደሚጠበስም ጠይቁ። በክረምት የሚቀርበው ግሩንኮል የተባለው ጎመንም ከቋሊማና ከአሳማ ጮማ ጋር አብሮ የሚበስል ስለሆነ፣ ቋሊማውን ማስቀረት ብቻ አይበቃም። ለጾመኛ የሚቀረው ድንቹ በዘይትና ሰላጣው ነው። የፀደዩ ነጭ አስፓራገስ እስከ ሰኔ 24 (እ.ኤ.አ.) ይገኛል፤ የሚመጣው ግን ቅቤ ፈሶበት ነው፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከሥጋው ጋር የመጣው ካሮትና አተር ግን ከቆርቆሮ የወጣ ይመስላል፤ ሌላው ሁሉ በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሲሠራ ይህ ያስቆጫል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጨው የግራው ግድግዳ ነው። በማገርና በጭድ ጭቃ የተሞላውን ግድግዳ ከጊዜ በኋላ በሲሚንቶ ለስነውታል። ጭቃ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ይለቀዋል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፣ የታፈነውም ውሃ ወደ ግንዱ ይሄዳል። ከታች ያለው አግዳሚ ኦክ መጥቆሩ ይታያል። መፍትሔው ሲሚንቶውን አንስቶ በጭቃና በኖራ መለሰን ነው።

ዋናው ምግብ 20 ዩሮ አካባቢ ነው። ውሃ በነጻ አይቀርብም፤ ጉርሻ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል። ወጥ ቤቱ ከምሳ በኋላ ከ14፡00 እስከ 17፡30 ይዘጋል፣ ሰኞ አይሠራም። ከታህሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመንገደኛ ባቡር በአቅራቢያው ካለው ከሳልዝደርሄልደን ጣቢያ ወደ አይንቤክ ሚተ ጣቢያ እንደገና ይገባል፤ መኪና አያስፈልግም፣ ቦኩንም በሰላም ትጠጣላችሁ።

ከምሳ በኋላ ወደ ገበያው አደባባይ ውጡ። ብሮድሃውስ የዳቦ ጋጋሪዎች ማኅበር ቤት ነበር። አጠገቡ የከተማው ሚዛን ቤትና መድኃኒት ቤት አሉ፤ ማዘጋጃ ቤቱም ሦስት ሹል ጣሪያዎቹን አቁሞ ይጠብቃችኋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ የድሮ የእህል ጎተራ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሞተር ብስክሌትና የመኪና ሙዚየም ሆኗል።