«ናይትሮጂን ላድርግልህ?» ለሚል ጎሚስታ ከመክፈላችሁ በፊት

ጎማ ለማስለጠፍ ወይም ንፋስ ለማስሞላት ገብታችሁ «ተራ ንፋስ ጎማህን ይጎዳዋል፣ ናይትሮጂን ላድርግልህ?» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ቆም በሉ። ማብራሪያው ደስ ይላል። ናይትሮጂን አይቀንስም፣ ጎማ አይፈነዳም፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለአንድ ዓመት ጎማችሁን ማየት አይጠበቅባችሁም። አውሮፕላን እንኳን የሚሞላው በሱ ነው ይሏችኋል። ለአራቱ ጎማ የሚጠይቁት ብር ግን ጥሩ የጎማ መለኪያ ገዝቶ መልስ ያስተርፋል።

የአውሮፕላኑ ነገር እውነት ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ ፍሬኑ እንደ እሳት ይግላል፤ ስለዚህ ጎማው ውስጥ ኦክስጅንም እርጥበትም አይፈለግም። የእኛ መኪና ግን ከሜክሲኮ ሳር ቤት ነው የሚመላለሰው። ደግሞም በነጻ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 ከመቶው ናይትሮጂን ነው።

«አይቀንስም» የሚለውስ? ይቀንሳል። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት 31 ዓይነት ጎማዎችን በ30 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሞልቶ ለአንድ ዓመት ደጅ አስቀምጧቸው ነበር። ተራ አየር የተሞሉት በአማካይ 3.5፣ ናይትሮጂን የተሞሉት 2.2 ቀነሱ። ልዩነቱ በዓመት 1.3 ነው። ለዚህ ነው የምትከፍሉት።

እሱም በትክክል ከተሞላ ነው። መጀመሪያ የነበረው አየር መውጣት አለበት። ብዙ ጊዜ ግን በነበረው ላይ ይጨምሩበትና ናይትሮጂን መሆኑን የሚያመለክት አረንጓዴ ክዳን ንፋስ መሙያው ላይ ገጥመው ይሸኟችኋል። ከዚያ በጣም የሚያናድደው ማስፈራሪያ ይመጣል፦ «ከአሁን በኋላ ሌላ ቦታ ተራ ንፋስ እንዳታስገባ፣ ይበላሻል።» ውሸት ነው። ሁለቱ ቢቀላቀሉ ምንም አይሆኑም። የተባለው እነሱ ጋ እንድትመላለሱ ነው።

ብሩ ይቅር እንበል። እኔን ያስነሳኝ ሌላ ነገር ነው። እህቴ ቪትዟን አንድ ጎማ ልታስለጥፍ ወስዳ በአራት አረንጓዴ ክዳን ተመለሰች። «ለዓመት እንዳትነኪው» ተብላለች። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ሳትነሳ ለካሁት። አራቱም 44! በሩ ላይ የተለጠፈው 32 ነው የሚለው። 44 ከየት መጣ? ከጎማው ጎን ላይ አንብበው ነው። እዚያ የተጻፈው ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ መኪናው የሚፈልገው ልክ አይደለም። ለየትኛው መኪና እንደሚገጠም ጎማ ሠሪው በምን ያውቃል? እንዲህ የተወጠረ ጎማ አስፋልቱን የሚይዘው በመሀሉ ብቻ ነው። መሀሉ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ይንሸራተታል፣ ጉድጓድ ሲመታ ጎማውም ቸርኬውም ይጎዳል። የእኛን መንገድ ታውቁታላችሁ። ይህን ይዞ ዓመት ሙሉ ሳይለኩ መንዳት ነው እንግዲህ ምክሩ።

ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት የሹፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶውን እዩ። አንዳንድ የአውሮፓ መኪና ላይ ነዳጅ መቅጃው ክዳን ውስጥ ነው። በኪሎፓስካል ከተጻፈ 220 ማለት 32 ፒኤስአይ፣ 230 ማለት 33፣ 250 ማለት 36 ነው። በባር ከሆነ 2.2 ያው 32 ነው። የፊትና የኋላው ሊለያይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ለሙሉ ጭነት የተለየ ቁጥር አለ፤ ቤተሰብ ጭናችሁ ሀዋሳ ስትወርዱ እሱን ተጠቀሙ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ የድሮ መኪናችሁን ቁጥር እርሱት። ባትሪው ከባድ ስለሆነ አብዛኞቹ ከፍ ያለ ይፈልጋሉ።

የምትለኩት ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ማለትም መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ ወይም ገና ሰፈር ሳይወጣ። በወር አንዴ ይበቃል። ወደ አዋሽ ሲወርዱ «ሙቀቱ ያፈነዳዋል» ብለው መንገድ ዳር አቁመው ንፋስ የሚያስወጡ አሉ። አታድርጉት። ጎማ ሲነዳ 4 እስከ 6 ፒኤስአይ ከፍ ማለቱ የታሰበበት ነው። በትኩሱ ካስተነፈሳችሁት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናል። በፍጥነት መንገድ ላይ አደገኛው ደግሞ ንፋስ ያነሰው ጎማ ነው፤ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይግልና ይፈነዳል።

ናይትሮጂኑን አስሞልታችሁ ከሆነ ማስወጣት አያስፈልግም። ጠዋት ለኩት፣ ከበዛ በሩ ላይ እስካለው ቁጥር አስተንፍሱት፣ ሲቀንስ የትም ቦታ ተራ ንፋስ ጨምሩበት። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ቁጥሩን እናንተ ንገሩት፤ ሲጨርስም በራሳችሁ መለኪያ እዩ። ብዙዎቹ ቅር አይላቸውም። ቅር የሚለው ካለ እሱን ተጠራጠሩ።

ስኮርታውንም አትርሱ። ያቺ ቀጭኗ ጊዜያዊ ስኮርታ ካላችሁ ግን እሷ የምትፈልገው 60 ፒኤስአይ ነው፤ 32 ሞልታችሁ እንዳትገጥሟት።