«የዕድሜ ልክ አፍተር ኢፌክትስ» የሚላችሁን እንዳታምኑት

ይህን የምጽፈው ሰርግ ለምትሠሩ ኤዲተሮችና ለዩቲዩብ ቻናላችሁ ሶፍትዌር ልትገዙ ላሰባችሁ ነው። እኔ 14 ሺህ ብር ተሸውጃለሁ። እናንተ አትሸወዱ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የመልስ ቪዲዮ ነው። ሙሽራዋ በድሮን የተነሳውን ቀረጻ ወደደችው። «ግን ይቺ የመብራት ምሰሶ ትጥፋልኝ» አለች። ደግሞም መክፈቻው ላይ የሁለቱ ስም በወርቅ ብናኝ እየተጻፈ እንዲመጣ ፈለገች። እኔ የምሠራው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነው፣ በነጻው። መቁረጥ እችላለሁ፣ ድምፅና ቀለም አስተካክላለሁ። ምሰሶ ማጥፋት ግን የት ጀምሬ?

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅሁ። አንዱ በውስጥ መስመር መጣ። «ወንድሜ፣ ይሄን ኤዲቲንግ ሶፍትዌር አይሠራውም። አንተ የሚያስፈልግህ ቪኤፍኤክስ ነው» አለኝ፤ ቀረጻው ውስጥ ያለውን የሚያጠፋ፣ የሌለውን የሚጨምር ማለቱ ነው። ያቀረበልኝ የአዶቤ ኩባንያን የቪኤፍኤክስ ሶፍትዌር ነው፦ አፍተር ኢፌክትስ፣ የዕድሜ ልክ፣ ከነቴምፕሌቱ፣ ከነማስተማሪያው። ሙሽራዋ ቀን ቆርጣለች፣ እኔ ተጨንቄአለሁ። ብሩን ላክሁለት።

«የዕድሜ ልክ» ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ። አዶቤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ያወጣቸውን የአፍተር ኢፌክትስ ስሪቶች በሙሉ የሚሰጠው በኪራይ ብቻ ነው። አንዴ ከፍለውበት የራስ የሚሆን አዲስ አፍተር ኢፌክትስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በዚህ ስም የሚሸጥላችሁ ወይ ክራክ (ቁልፉ የተሰበረ ሕገወጥ ቅጂ) ነው፣ ወይ የሌላ ሰው አካውንት። ለኔ የደረሰኝ የሌላ ሰው አካውንት ነበር። ኢሜይሉም ፓስወርዱም የሻጩ። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ስከፍት አልገባም አለኝ። ሰውየውን ስፈልገው የቴሌግራም ስሙም የለም።

ክራኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ባንክ የምትከፍቱበትና የደንበኛ ሰርግ ያስቀመጣችሁበት ላፕቶፕ ላይ ማለት ነው።

ከብሩ በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ዕቃው ጭራሽ አያስፈልገኝም ነበር።

የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ሥራው ከቀረጻ ቀረጻ መምረጥና ማገጣጠም ነው። የስድስት ሰዓት ሰርግ ይቀበላል፣ አርባ ደቂቃ አድርጎ ያወጣል። የቪኤፍኤክስ ሶፍትዌር ግን አንዷን ቀረጻ ይዞ ውስጧ ይገባል። ይሄ ይውጣ፣ ያ ይግባ እያለ አምስት ሰከንድ ላይ ቀኑን ሙሉ ይውላል። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ከፍዬበታለሁ ብዬ፣ ሙሉውን ሰርግ አፍተር ኢፌክትስ ላይ ልቆርጥ ተነሳሁ። አትሳቁ።

ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው። የያዝሁት የአፍተር ኢፌክትስ ስሪት ቅድመ ዕይታ የሚያሳየው እያንዳንዱን ፍሬም ሠርቶ ራም ላይ እየደረደረ ነበር። ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። አንድ የፎር ኬ ፍሬም 3840 በ2160 ፒክስል ነው። ለአንድ ፒክስል አራት ባይት ብንይዝለት ፍሬሙ 33 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን ከ800 ሜጋባይት በላይ ይበላል ማለት ነው። ለአንድ ሰከንድ! ከ8 ጊጋው ላይ ዊንዶውስ የራሱን ሲወስድ የሚተርፈው ጥቂት ሰከንድ ነው። ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ማየት ይቻላል፣ ግን ሰርግ በዚህ አይቆረጥም። ሻጩ ስለ ራም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለነገሩ ምን አገባው።

መፍትሔው እጄ ላይ ነበር። ሪዞልቭ ከታች በኩል «ፊውዥን» የሚል ገጽ አለው። ፊውዥን ራሱን የቻለ የቪኤፍኤክስ ሶፍትዌር ነው። የሪዞልቭ ባለቤት ብላክማጂክ እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው፣ በ2018 ደግሞ በስሪት 15 ሪዞልቭ ውስጥ አስገባው። ነጻው ላይም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው የሚከፈልበት ይመስለኝ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ተጭኜው አላውቅም። ምሰሶዋን እዚያው፣ አጠገቧ ያለውን ሰማይ ቀድቼ አለበስኋት። የወርቅ ብናኙም እዚያው ተሠራ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ።

ቀላል ነው ግን አልላችሁም። ፊውዥን እንደ አፍተር ኢፌክትስ በሌየር (በተደራረበ ንጣፍ) ሳይሆን በኖድ (በመስመር በሚያያዙ ሳጥኖች) ነው የሚሠራው። ለጀመረ ሰው የተተበተበ ገመድ ነው የሚመስለው። በ8 ጊጋም ያቃስታል። ቢሆንም ሙሉውን ሰርግ ሳይሆን አንዷን ቀረጻ ብቻ ነው የምታስገቡበት።

ሥራችሁ በየቀኑ ማስታወቂያ፣ ሎጎና የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ ከሆነ አፍተር ኢፌክትስ ተገቢ ነው፣ ተከራዩት። አሜሪካ ያለ ዘመድ በካርዱ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ግን የውሉን ዓይነት አስነብቡት። «ዓመታዊ፣ በየወሩ የሚከፈል» የሚለው የወር ኪራይ ይምሰል እንጂ የዓመት ውል ነው። ከ14 ቀን በኋላ ካቋረጣችሁ የቀሪውን ወራት ግማሽ ይጠይቃል። ወሩ 23 ዶላር ቢሆንና በሁለተኛው ወር ብትተዉት፣ የአሥሩ ወር 230 ነው፣ ግማሹ 115 ዶላር። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 አዶቤን የከሰሰው ይህን ክፍያ ከደንበኛ ደብቋል ብሎ ነው።

የሚከፈልበት ሪዞልቭ፣ ስቱዲዮ የሚባለው፣ ለሚያምራችሁም፣ ትክክለኛው 295 ዶላር ነው፣ አንዴ ብቻ የሚከፈል። የመክፈቻ ቁልፉ የሚሠራው ሁለት ኮምፒውተር ላይ ነው። «በ3 ሺህ ብር ቁልፍ አለኝ» የሚል ሰው ያንኑ ቁልፍ ለስንቱ እንደሸጠው አስቡ። ነጻው ደግሞ በፎር ኬ፣ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል። ለሰርግ ምን ጎደለ? ብሌንደር የሚባለውን ነጻ የ3ዲ ሶፍትዌር በብር የሚሸጡም አይቻለሁ። ክልክል አይደለም፣ ግን ማንም ሰው ከራሱ ድረ ገጽ በነጻ ያወርደዋል። ፊልም ላይ እገባለሁ የምትሉ ኑክ የሚባለውን የፊልም ቪኤፍኤክስ ሶፍትዌር ለመልመድ ገንዘብ አታውጡ። ለንግድ የማይውል ነጻ ስሪት አለው፣ የሚያወጣው ምስል ከ1920 በ1080 አይበልጥም።

ከማንም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «በኔ ኢሜይል ነው የሚከፈተው?» አዎ ካለ የአካውንቱን ገጽ ያሳያችሁ። እዚያ ላይ የማታውቁት ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት ስም ካያችሁ ብራችሁን ያዙ። ባለቤቱ በፈለገ ቀን ያስወጣችኋል።

ሰውየው በሌላ ስም ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ሌላ ግሩፕ ላይ ያንኑ ማስታወቂያ፣ ከነፊደል ስህተቱ፣ አየሁት። አሁን 16 ሺህ ገብቷል።