ለአቀንጭራ መላ ፍለጋ የሄድንበት ፋኩልቲ

የማሽላ አምራቾች ማኅበራችን ወሎ ውስጥ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስና ግብርና ፋኩልቲ ያገኘውን አገልግሎት እንደ ማኅበሩ ጸሐፊ ልጻፍ። ድክመቱንም ስለማነሣ ስሙን አልጠቅስም። ፍርዴን ላስቀድም፦ አመራሩ የሚመሰገን ነው፤ የአፈር ምርመራው ግን የገበሬውን የዘር ወቅት ገና አላወቀም።

የወሰደን አቀንጭራ ነው። የቆቦ ሜዳ ሰው ስለዚህ አረም ነጋሪ አያሻውም፤ ለሌላው ግን ልናገር። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ጉዳቱ ከደረሰ ቆይቷል፤ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ሲመጥ ከርሟል። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል።

ሳይንሱና ግብርናው በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ዘሩን በማይክሮስኮፕ አሳዩን። መዳፍ ላይ ሱረት የሚመስለው ብናኝ፣ በመሣሪያው ሲታይ እያንዳንዱ ፍሬ ቡናማና ሸንተረራም ነው። ዘሩ የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣው ኬሚካል ሲደርሰው መሆኑን፣ ሰሊጥም ዘሩን ቀስቅሶ መጣበቂያ እንደሚነፍገው አስረዱን። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው፤ ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ያንን ኬሚካል በጥቂቱ ብቻ ያመነጫሉ። ሰሊጥን ለምን እንደምናፈራርቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክንያቱን አውቀን እንዘራለን።

ስለ ዲኑ የምለው ብዙ ነው። በሠርቶ ማሳያው ማሳ ላይ ስለ ምርጡ ዘር ምርት ሲነገረን፣ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ቆም ብለው «ፍሬውስ መልካም፤ አገዳው የታለ? ከብቶቼ ምን ይብሉ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጅጉርቲና ደጋሊት የሚባሉት የአገራችን ነባር ማሽላዎች ቁመታቸው ረጅም ነው፤ አገዳቸው መኖ፣ ማገዶና አጥር ይሆናል። አጭሩ ማሽላ ቶሎ ቢደርስም ገበሬው ፊቱን የሚያዞርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዲኑ አልተከራከሩም። «ሐጂ፣ ልክ ነዎት፤ እኛ የመዘንነው ፍሬውን ብቻ ነው» ብለው አገዳውም እንዲመዘን ተማሪዎቹን እዚያው አዘዙ። በአጨዳው ጊዜ ሄጄ አየሁ፦ ተማሪዎቹ አገዳውን እያሰሩ ሚዛን ላይ ይሰቅላሉ፤ በታተመው ቅጽ ዳር «አገዳ» የሚል አዲስ ዓምድ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከዩኒቨርሲቲ የሚጠብቀው ማስተማርን፣ ምርምርንና የማኅበረሰብ አገልግሎትን ነው። ፋኩልቲውም ይህንኑ ተልእኮ በትልቅ ሰሌዳ አጽፎ ኮሪደሩ ላይ ሰቅሎታል። እኔ የማምነው ያችን ዓምድ ነው።

ቅሬታዬ በአፈር ምርመራው ላይ ነው። የሰጠነው አፈር ውጤት የደረሰን ማሽላው ከተዘራ በኋላ ነው፤ ለዚያውም በእንግሊዝኛ። የናይትሮጅንና የፎስፈረስ መጠን በቁጥር ሰፍሯል፤ ለአንድ ጥማድ ምን ያህል ዩሪያ እንደሚያስፈልግ የሚናገር አንድ መስመር ግን የለበትም። ይህ ለሚለፋ ሰው የሚገባ አይደለም። አፈሩ አዝመራው እንደተሰበሰበ በጥር ቢወሰድ፣ ውጤቱ በመጋቢት በአማርኛ ቢሰጥ፣ የሚያዝያን ዝናብ ጠብቆ ጅጉርቲ የሚዘራው ገበሬ ይደርስበታል። ጥያቄያችንን በጽሑፍ አስገብተናል። ገበሬ የሚስተናገድበት ቋሚ ጠረጴዛና ኃላፊ እንዲመደብም ጠይቀናል፤ አሁን ሁሉም ነገር በዲኑ ቅን ልብ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሹመት ደግሞ ያልፋል።

ወደዚያ የምትሄዱ፣ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ክፍል ናቸው። የተጠቃውን ማሽላ ከነሥሩና ከነአፈሩ ነቅላችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። አቀንጭራው ዘር ከማፍራቱ በፊት ይሁን፤ አለበለዚያ ዘሩን በየመንገዱ፣ በየሰው ማሳ ትበትኑታላችሁ።