መዳብ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ የስፒከር ገመድ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ከኋላ በግራ በኩል ያለው ስፒከሬ ምንም አልሆነም። ይህን ለማወቅ ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ፊልም መሃል ላይ ሲንኮሻኮሽ ቆይቶ ጭራሽ ዝም ይላል። ነቅዬ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው በራሱ ገመድ አገናኝቶ ሲሞክረው ጥርት ብሎ ሠራ። «ገመድህን እየው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ያለውን ጫፍ ጎተት ሳደርገው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ክሮቹ አመድ የመሰለ ነገር ለብሰዋል። አንዷን በምላጭ ፋቅ አደረግኳት። ላይዋ ቀይ፣ ውስጧ ነጭ። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው!

ወንድሜ ሻጩ፣ «ንጹህ መዳብ ነው፣ አትጠራጠር» ብለኸኝ ነበር እኮ። «በርካሽ ገዝተህ ምን ጠበቅክ?» ትለኝ ይሆናል። ርካሽ መሆኑንማ አውቃለሁ፣ አሉሚኒየም መሆኑን ግን ማን ነገረኝ? አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ብትነግረኝ ወፈር ያለውን እመርጥ ነበር። ድምፁ እስኪበላሽ ድረስ አላስከፋኝም። ችግሩ ብሎን ሥር ሲታሰር ነው፤ አሉሚኒየም ሲጫኑት ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ከዚያ መንኮሻኮሹ ይጀምራል፣ ደጋግመው ካጎበጡትም ይሰበራል።

ምልክቱ ያኔም ነበረ። ጥቅሉን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ ታክሲ ስገባ ቅለቱ ደስ ብሎኝ ነበር። መዳብ ቢሆን ኖሮ የውስጡ ክር ብቻውን ከእጥፍ በላይ ይከብድ ነበር።

አሁን ለቤት መስመር የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ካሬ (የመዳቡ ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር)፣ ባለ ብዙ ክር የመዳብ ገመድ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ነው ምላጬን አውጥቼ የፋቅኩት፣ ባለሱቁ ቅር ቢለውም። ከላይ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ አትደንግጡ፣ እሱ ቆርቆሮ (ቲን) የተቀባ መዳብ ነው። እዚያው ሌላ ሻጭ በጣም ውድ ገመድ አምጥቶ «ድምፁን ይቀይረዋል» አለኝ። አይቀይረውም። ለእኔ 10 ሜትር 2.5 ካሬ ከበቂ በላይ ነው፤ የተረፈኝን ብር ለባናና ፕላግ (የገመዱን ክሮች አንድ ላይ ይዞ ለሚሰካ ጫፍ) አዋልኩት፣ ምክንያቱም አንድ የተፈታ ክር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ካነካካ አምፕሊፋየሩ ራሱን ያጠፋል፣ ሲብስም ይቃጠላል።

ትናንት ማታ ፊልሙ ላይ ዝናብ ሲጀምር ከኋላዬ በግራ በኩል ጠብታውን ሰማሁት። ዞር ብዬ መስኮቱን አየሁ።